ስለ ቤት መግቢያ መብራት አመራረጥ
ጣሪያው ከፍ ላለ ቤት፤ በጉለሌ ተራራ ግርጌ

የቤት መግቢያ የቤቱ ፊት ነው። እንግዳ ገና ከእልፍኝ ሳይደርስ፥ መጠጥም ሳይቀርብለት፥ የባለቤቱን ጠባይ መገመት የሚጀምረው ከደጃፉ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን የከበረ እንግዳ ሲመጣ እስከ ደጅ ወጥተው ይቀበሉ ነበር፤ መሽቶም እንደ ሆነ ፋኖስ የያዘ አሽከር ከፊት እየቀደመ መንገዱን ያሳይ ነበር። ዛሬ ፋኖስ ያዡ ቀርቷል፤ እንግዳን በክብር የመቀበሉ ልማድ ግን እንደ ጥንቱ ይኖራል። የፋኖሱንም ሥራ የሚሠራው ከጣሪያ ላይ የተሰካው የኤሌክትሪክ መብራት ስለ ሆነ፥ ይህ መብራት እንዴት ሊመረጥ እንደሚገባው ለቤተ ሰብ ኃላፊዎች ጥቂት ቃል ልናቀርብ አሰብን።

በዚህ ዘመን በአዲስ አበባ አዳዲስ ቤቶች ሲሠሩ የመግቢያው ክፍል ጣሪያ የሁለት ፎቅ ያህል ከፍታ እንዲኖረው ማድረግ የተወደደ ነገር ሆኗል። ከእንጦጦ ሥር ባለው በጉለሌ አገርም ይኸው ይታያል። ጣሪያው ከፍ ሲል ቤቱ ግርማ ያገኛል፤ አየሩም ይሰፋል። ነገር ግን የቤቱ ባለቤት ለግድግዳውና ለበሩ ብዙ ገንዘብ ካወጣ በኋላ ለመብራቱ ጊዜ ሳይሰጥ ይቀራል፤ ኮርኒሱም በብዙ መብራት ተበስቶ እንደ ክዋክብት ሲያበራ፥ እንግዳው የሚረግጠው ደረጃ ግን ድንግዝግዝ እንዳለ ይኖራል። ጉዳቱ የውበት ብቻ አይደለም። ዐይናቸው የደከመ አያት በዚያ ደረጃ ላይ እግራቸው ቢስት፥ በዚያ ዕድሜ የተሰበረ ዳሌ በቶሎ እንደማይጠገን ሁሉም ያውቀዋል። እንግዲህ የመግቢያ መብራት ጉዳይ ከጌጥ አስቀድሞ የጤና ጉዳይ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

መብራት ለከተማችን እንግዳ ከሆነ እጅግ ብዙ ዘመን አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890 ዓመተ ምሕረት ገደማ ቤተ መንግሥታቸውን በኤሌክትሪክ ሲያስበሩ፥ የሕዝቡ ቤት የሚበራው በእሳት ነዲድ፥ በጧፍና በኩራዝ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1904 ዓመተ ምሕረት ገደማ የአቃቂ ወንዝ ውሃ ኃይል እንዲሰጥ ተደረገ፤ በ1952 ዓመተ ምሕረት የቆቃ ግድብ ተመረቀ፤ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረትም 5150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደው ታላቁ የዓባይ ግድብ ተመርቋል። ስለዚህ ዛሬ ለከተማ ቤት ያለው ጥያቄ እንደ ቀድሞው «መብራት ይገኛልን?» የሚል ብቻ ሳይሆን «የተገኘውን መብራት በምን ጥበብ እንጠቀምበት?» የሚል ጭምር ሆኗል።

የተሰወረ መብራት ማለት ምን ማለት ነው?

በገበያ ስፖት ላይት እየተባለ የሚሸጠው መብራት አካሉ በኮርኒሱ ውስጥ ተሰውሮ ፊቱ ብቻ ከኮርኒሱ ጋር እኩል ሆኖ የሚታይ ነው። ይህ ዐይነት መብራት የሚወደድበት ምክንያት ግልጥ ነው፤ ከጣሪያ የሚንጠለጠል ነገር ስለሌለው ክፍሉን አያጣብብም፤ የሸረሪት ድርና አቧራ በብዛት አይሰበስብም፤ የግድግዳውንና የበሩን ሥራም ለዐይን አይጋርድም።

ይሁን እንጂ አንድ ጠባይ አለው። ብርሃኑን የሚሰጠው ወደ ታች ብቻ ነው። ከጣሪያ የሚንጠለጠል ፋኖስ ወይም ክብ አምፑል ጣሪያውንም ግድግዳውንም ወለሉንም አንድ ላይ ሲያበራ፥ የተሰወረው መብራት ግን ጣሪያውን በጨለማ ትቶ ወለሉን ብቻ ያበራል። ጣሪያው ዝቅ ባለ ክፍል ውስጥ ይህ ጉድለት ብዙ አይታይም፤ ከወለሉ የሚመለሰው ብርሃን ጣሪያውን ይደርሰዋልና። ጣሪያው 5 ሜትር ሲሆን ግን ላይኛው ክፍል እንደ ጉድጓድ ይጨልማል፤ ለግርማ የተሠራው ከፍታም ሌሊት ሲሆን ጥቅሙ ይቀራል። ስለዚህ ጣሪያው ከፍ ባለ መግቢያ የተሰወረ መብራት ብቻውን አይበቃም፤ ግድግዳውን የሚያበራ ረዳት ያስፈልገዋል።

ስለ ከፍታ ሒሳብ

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፥ ከመግዛት መለካት ሊቀድም ይገባዋል። ብርሃን ከምንጩ በራቀ መጠን የሚደክመው በርቀቱ ልክ ብቻ አይደለም፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከ2 ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ ሆኖ ከሥሩ ባለው ወለል ላይ 160 ሉክስ የሚሰጥ መብራት፥ ያው ራሱ በ5 ሜትር ከፍታ ሲሰቀል 40 ሉክስ ብቻ ይሰጣል። ሉክስ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የብርሃን መጠን ነው። ለመግቢያ ክፍል 100 ሉክስ ገደማ መልካም ልክ ነው። ከወዳጅ ቤት ያማረ ሆኖ የታየ መብራት ከእኛ ቤት ሲገባ ደካማ የሚሆንበት ዋነኛው ምክንያት ይኸው የከፍታ ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ነገር የጨረሩ ስፋት ነው። በመብራቱ ካርቶን ላይ በዲግሪ ተጽፎ ይገኛል። ስፋቱ 60 ዲግሪ የሆነ መብራት ከ5 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ወለሉ ላይ ሲደርስ ወደ 5 ሜትር ከ80 የሚጠጋ ክብ ይሠራል፤ መግቢያው 3 ሜትር ብቻ ወርድ ካለው እንግዲህ ብዙው ብርሃን ወለል ሳይደርስ በግድግዳ ላይ ይባክናል ማለት ነው። ስፋቱ 36 ዲግሪ የሆነው ግን 3 ሜትር ከሩብ ያህል ክብ ይሠራል። 24 ዲግሪ የሆነው ደግሞ 2 ሜትር ከ10 ያህል ብቻ ስለሚይዝ፥ አንድን ነገር ለይቶ ለማሳየት እንጂ ክፍልን ለማብራት አይመችም። ስለዚህ ጣሪያው ከፍ ባለ መጠን ጠበብ ያለ ጨረር መምረጥ ይገባል።

ለምሳሌ መግቢያው 3 ሜትር ወርድና 4 ሜትር ርዝመት፥ ጣሪያውም 5 ሜትር ከፍታ አለው እንበል። ወለሉ 12 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ 100 ሉክስ ለማግኘት 1200 ሉመን ብርሃን ወለሉ ላይ ማረፍ አለበት። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ረዥምና ጠባብ ክፍል ውስጥ ከመብራቱ ከሚወጣው ብርሃን ብዙው በግድግዳ ስለሚቀር፥ እጥፉን ወይም ከእጥፍ ጥቂት የሚበልጥ አድርጎ ማሰብ ይሻላል። እያንዳንዳቸው 700 ሉመን የሚሰጡ፥ ጨረራቸው 36 ዲግሪ የሆነ አራት መብራቶች ቢተከሉ 2800 ሉመን ይሆናል፤ ይህም ይበቃል። አቀማመጣቸውም ከጎን ግድግዳ 75 ሳንቲ ሜትር፥ ከፊትና ከኋላ ግድግዳ 1 ሜትር ርቀው ቢሆን ብርሃኑ በእኩል ይዳረሳል። አሥራ ሁለትና ከዚያም በላይ መብራት መደርደር ኮርኒሱን ከመብሳትና ወጪ ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም።

ስለ ወጪውም ነገር፥ ኤል ኢ ዲ የሚባለው አዲሱ የመብራት ዐይነት 700 ሉመን ለመስጠት 8 ዋት ገደማ ይበቃዋል፤ የጥንቱ ባለ ክር አምፑል ግን ለዚሁ 60 ዋት ይፈልግ ነበር። አራቱ መብራቶች በየቀኑ ለ5 ሰዓት ቢበሩ በዓመት ወደ 58 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃሉ፤ በጥንቱ አምፑል ቢሆን ግን 438 ይሆን ነበር። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይወርዳል፤ በክረምትም በበጋም የመግቢያ መብራት የሚበራው በየምሽቱ ስለ ሆነ ይህን ልዩነት መናቅ አይገባም።

የሰው ፊትና ደረጃው

መብራት በሰው ራስ አናት ላይ በቀጥታ ሲወርድ ግንባርና አፍንጫ ይበራሉ፤ ዐይንና ጉንጭ ግን ጥላ ያጠላባቸዋል። ደስ ብሎት የመጣ እንግዳ እንኳ የታመመ ወይም የተቆጣ ይመስላል። እንግዳን በሚቀበሉበት ስፍራ ይህ እንዳይሆን፥ መብራቱን በሩ ከሚከፈትበትና ሰው ቆሞ ሰላምታ ከሚሰጥበት ነጥብ በላይ ማድረግ አይገባም፤ ከዚያ ራቅ አድርጎ ግድግዳውን እንዲያበራ ማድረግ ይሻላል። ግድግዳውም ነጣ ያለ ቀለም ካለው ብርሃኑን መልሶ በሰው ፊት ላይ በለስላሳው ያሳርፈዋል። በቁመት ልክ በግድግዳ ላይ የሚሰኩ ሁለት ትንንሽ መብራቶችም ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቹ ናቸው።

ግድግዳው የተጠረበ ድንጋይ ከሆነ መብራቱን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ መትከል የድንጋዩን ሥራ አጉልቶ ያሳያል። ግድግዳው ልስን ብቻ ከሆነ ግን ማስጠጋት አይገባም፤ ቀን የማይታየው የልስኑ ጉድፍ ሁሉ ሌሊት ይወጣል።

ስለ ደረጃውም እንዲህ እንመክራለን። የደረጃው ጠርዝ ከጥላ ነጻ መሆን አለበት። መብራቱ ከሚወርደው ሰው ጀርባ ሲሆን የገዛ ጥላው ደረጃውን ይሸፍንበታል፤ ስለዚህ ለደረጃው ብቻ የሚሆን፥ በጎን ግድግዳ ከደረጃው ጥቂት ከፍ ብሎ የሚሰካ አነስተኛ መብራት ቢኖር መልካም ነው። ደግሞም መግቢያው ከፍ ባለ ቤት ከላይኛው ፎቅ የሚወርድ ሰው ዐይኑ ከመብራቱ ጋር ሊገጣጠም ይችላል፤ እንዳያንጸባርቅበትም የመብራቱ ብርሃን ሰጪ አካል ከፊቱ ወደ ውስጥ ጠለቅ ያለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ማብሪያና ማጥፊያውም በበሩ አጠገብና በደረጃው ራስ በሁለት ስፍራ ቢሆን በጨለማ የሚዳብስ አይኖርም።

ስለ ብርሃኑ መልክ

በገበያ ገዢው ሁሉ «ነጩን ነው ወይስ ቢጫውን?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህ መልክ የሚለካው በኬልቪን ነው። 6500 ኬልቪን የሆነው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው፤ ለሥራ ቤት ይሆን ይሆናል እንጂ ለቤት መግቢያ ቅዝቃዜ ያመጣል። ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ያለው ግን የሻማና የምድጃ እሳት መልክ ስላለው የመጣውን ሰው ያረጋጋል። ከዚህም ጋር ቀለምን አስተካክሎ የማሳየት ችሎታው ከ100 ስንት እንደ ሆነ መመልከት ይገባል፤ 90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነው የተመረጠ ነው። የጉለሌና የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙ ቀን ደክመው በጥለት ያስገቡት ቀይና አረንጓዴ በመጥፎ መብራት ሥር አመድ ሲመስል ማየት ያሳዝናልና፥ ጥበብ ለብሳ የምትገባ እመቤት በሚገባት መልክ እንድትታይ ለዚህ ነገር ማሰብ ይገባል።

ስለ ኮርኒሱና ስለ አደጋ

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር እንመጣለን። የተሰወረ መብራት ለማንኛውም ኮርኒስ አይሆንም። በአቡጀዲ ወይም በማዳበሪያ ጆንያ የተወጠረ የአሮጌ ቤት ኮርኒስ ፈጽሞ ሊበሳ አይገባውም፤ መብራቱ የሚሞቅ ስለ ሆነ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ችፑድም ቢሆን የሚቃጠል ነገር መሆኑን መርሳት አይገባም። የጂፕሰም ኮርኒስ ለዚህ ሥራ የተሻለ ነው። ያም ሆኖ ከኮርኒሱ በላይ አየር የሚዘዋወርበት በቂ ክፍተት መኖሩን፥ ከመብራቱም አጠገብ የቆየ ገለባ፥ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ አለመኖሩን አስቀድሞ ማስመርመር ያስፈልጋል። ሃሎጅን የሚባለው መብራት ከኤል ኢ ዲ ይልቅ እጅግ ስለሚግል በእንጨት ጣሪያ አቅራቢያ ባይተከል ይመረጣል። በኮርኒስ ውስጥ አይጥ ሽቦ እንደሚበላም የታወቀ ስለ ሆነ ሽቦው በቱቦ ውስጥ እንዲያልፍ ማድረግ ይገባል። ይህንም ሁሉ ሥራ ፈቃድ ላለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንጂ «እኔ እችላለሁ» ለሚል ለማንም መስጠት አይገባም።

ከበሩ ውጭ፥ በበረንዳው ጣሪያ ላይ ለሚተከለው መብራት ደግሞ ዝናብና እርጥበት እንዳያገኘው አይ ፒ 44፥ ዝናብ በቀጥታ የሚመታው ከሆነም አይ ፒ 65 የሚል ምልክት ያለበትን መምረጥ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቁጥር ከአቧራ፥ ሁለተኛው ከውሃ የሚጠበቅበትን ልክ ያመለክታል።

በጉለሌ ክፍለ ከተማ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከቤኒ ሻንጉሉ ከሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ሲሆን፥ የእርሳቸውም ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት በዚያ ይገኛል። እንዲህ ያሉ የጥንት ቤቶችን ከአባቶቻቸው የወረሱ ቤተ ሰቦች በከተማችን ጥቂት አይደሉም። ለእነርሱ ያለን ምክር አጭር ነው፤ የተጠረበውን የእንጨት ጣሪያ ስለ መብራት ብለው አይብሱት። የተበሳ እንጨት አይመለስም። ለእንዲህ ያለ ቤት የሚንጠለጠል ፋኖስ ወይም የግድግዳ መብራት ከክብሩ ጋር ይስማማል።

ስለሚቃጠለው አምፑል

መብራት ሲገዛ አንድ ቀን እንደሚበላሽ የሚያስብ ጥቂት ነው። በ5 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ መብራት ሲጠፋ ግን በመሰላል የሚወጣው ብዙ ጊዜ የቤቱ ባለቤት ሳይሆን የቤት ሠራተኛ ወይም ልጅ ነው። የአንድ አምፑል ዋጋ በሰው አጥንት ሊከፈል አይገባውም። ስለዚህ ዕድሜው ረዥም የሆነውን፥ አምፑሉም ከነአካሉ ሳይነቀል ብቻውን የሚለወጠውን፥ ኃይል ሰጪ መሣሪያውም ከላይኛው ፎቅ በኩል በእጅ የሚደረስበትን መምረጥ ብልህነት ነው። ለመለወጥም ጊዜው ሲደርስ የጸና መሰላልና የሚይዝ ሁለተኛ ሰው ሳይኖር ማንንም አያውጡ፤ አስቀድሞም ኃይሉ ከዋናው ማጥፊያ ይጥፋ። ኃይል በድንገት የሚቋረጥበት ጊዜ ስለማይታጣም፥ ከአራቱ መብራቶች አንዱ ባትሪ ያለው ሆኖ በጨለማው ጊዜ በራሱ የሚበራ ቢሆን ለደረጃው ትልቅ ዋስትና ይሆናል።

ስለ ተራራው ሌሊት

በጉለሌ ለሚኖር ሰው አንድ ተጨማሪ ግዴታ አለበት። ከ2000 ዓመተ ምሕረት በኋላ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ያቋቋሙት ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል 705 ሄክታር ስፋት ይዞ በተራራው ላይ ይገኛል። ባሕር ዛፍ ሸፍኖት በኖረው ምድር ላይ ጽድና ኮሶን የመሳሰሉ ያገር ዕፆች እንዲጠበቁና እንዲበዙ ይደከምበታል። ብዙ ዕፅም ያለ ነፍሳት አይባዛም፤ ሌሊት ከሚከፈቱ አበቦች ብዙዎቹን የሚጎበኘው ደግሞ የእሳት ራት ነው። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይነግራል፤ ብርሃን ባየ ጊዜ ሥራውን ትቶ ይመጣል፥ በዚያም ሲዞር አድሮ ይሞታል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ነጭ ብርሃን ይልቁን ይስበዋል። በክረምት መግቢያ በነጭ የደጅ መብራት ዙሪያ ነፍሳት እንደ አሸን ሲፈሉ ያየ ሁሉ ይህን ይመሰክራል።

ስለዚህ መግቢያው ረዥም መስታወት ያለው ቤት በሌሊት ወደ ተራራው እንደ ችቦ እንዳይበራ ማድረግ መልካም ጉርብትና ነው። ብርሃኑ ቢጫ ይሁን፤ ወደ ታች ብቻ ይውረድ፤ እንግዳው ከተሸኘ በኋላም ዋናው ጠፍቶ የደረጃው ትንሽ መብራት ብቻ ይቅር። የውጪው መብራት ሰው ሲመጣ ብቻ በራሱ የሚበራ ቢሆን ለጥበቃም ለቁጠባም ይበጃል፤ ሌሊቱን ሙሉ ከሚበራ መብራት ይልቅ በድንገት የሚበራው ዘበኛን ያነቃል።

በመጨረሻ የተከበሩ አንባቢዎቻችን ይህን አንድ ነገር እንዲያደርጉ እንለምናለን። ኮርኒሱ ከመበሳቱ በፊት አንድ መብራት ብቻ ገዝተው፥ ሲመሽ ሠራተኛው ከታሰበው ከፍታ ላይ ለጊዜው እንዲያበራው ያድርጉ። ከዚያም ባልና ሚስት፥ የሚቻል ከሆነም አያቲቱ፥ ከደጅ ገብተው፥ ደረጃውን ወጥተው፥ ተመልሰውም ወርደው ይመልከቱ። አያቲቱ የደረጃውን ጠርዝ ሳይዳብሱ ካዩት፥ የገባውንም ሰው ፊት ከሩቅ ከለዩት፥ መብራቱ ተመርጧል፤ ይገዛ።